ላግዝህ የማያስብል ቦርሳ

ሰውን ከሰው የሚያቀራርበው ምንድነው ብትሉ አንዳንዱ ምግብ ነው ይላችኋል፤ አንዳንዱ ሐሜት ነው ይላችኋል። ለሐሜት የሚከራከሩት ሳይሻሉ አይቀሩም። እኔ ግን በሃምሳ ዓመት ዕድሜዬ የደረስኩበትን ልንገራችሁ፤ የተበጠሰ የቦርሳ ማንጠልጠያ ነው። አትሳቁ፣ ስሙኝ።

ሥራዬ ቡና ማየት ነው፤ ስኒ ውስጥ ያለውን ሳይሆን ዛፍ ላይ ያለውን። ማክሰኞ ማክሰኞ ከዲላ በሚኒባስ ይርጋጨፌ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ባጃጁ «ከዚህ በላይ አልወጣም» ብሎ እስከሚያምፅበት ዳገት ድረስ በባጃጅ፤ የቀረውን አንድ ሰዓት በእግሬ ወደ አሪቻ። የታመመ ቅጠልና ፍሬ ለቅሜ፣ ቅጼን ሞልቼ እመለሳለሁ። የቀረውን ሳምንት ቀን ቀን ኮምፒውተር ላይ፣ ከሥራ በኋላ ደግሞ የቤቴ ግድግዳ ላይ አፍጥጬ እውላለሁ። ባለቤቴ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆናት። ልጄ ሐዋሳ ናት፤ እሑድ ትደውልና «አባዬ፣ በላህ?» ትለኛለች፤ በልቻለሁ እላታለሁ፤ ኔትወርኩ ይቋረጣል። እንግዲህ ከሰው ጋር ወግ የምይዘው ማክሰኞ ብቻ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ያንን ወግ ያመጣልኝ ደግሞ አሮጌው ቦርሳዬ ነበር። አንዱ ማንጠልጠያው ስለተበጠሰ በአንድ ክንዴ አቅፈዋለሁ፤ በሌላው እጄ ፌስታል፣ በብብቴ ዣንጥላ። እንዲህ ሆኖ የሚንገዳገድን ሰው ዝም ብሎ ማሳለፍ እዚህ አገር ነውር ነው። ሚኒባስ ውስጥ የማላውቃት ሴትዮ «አምጣ ልያዝልህ» ብላ ጭኗ ላይ ታደርገዋለች። ቦርሳህን ላቀፈልህ ሰው የልጆቹን ቁጥር ሳትጠይቅ መውረድ ይቻላል እንዴ?

ዳገቱ ሥር ደግሞ አቶ ዱካሌ አሉ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ናቸው፤ ቤታቸው ልክ ባጃጁ የሚያምፅበት ቦታ ላይ ነው። ሲያዩኝ ከእንሰታቸው መሀል ብቅ ይሉና «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም ቤትህን ተሸክመህ መጣህ?» ብለው ቦርሳውን ቀምተውኝ ፊት ፊት ይወጣሉ። «የቡና ማሳዬ ላይኛው ጫፍ ስለሆነ መንገዳችን አንድ ነው» ይሉኝ ነበር። ማሳቸው እዚያው ታች ከጓሯቸው እንደሆነ ያወቅሁት ከዓመት በኋላ ነው፤ አውቄም ዝም አልኩ። እየወጣን ስለ ዝናቡ፣ ስለ አማቻቸው ስንፍና፣ በቤተክርስቲያናቸው ስላለው የመዘምራን ጠብ ያወሩኛል። መሀል ላይ ቆም ይሉና «ምግብ ማን ይሠራልሃል?» ይሉኛል። እኔው ነኝ ስላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው መንገዱን ይቀጥላሉ።

ታዲያ አንድ ቀን የዚያ ቦርሳ ስፌት ለቀቀና የወሩ ቅጾቼ ጭቃ ላይ ተዘረገፉ። ቅዳሜ ዲላ ገበያ ወጣሁ። ሻጩ አንድ ግዙፍ የወታደር አረንጓዴ ነገር አውርዶ «ታክቲካል ነው» አለኝ። ምን ማለት ነው ብዬ ብጠይቀው «ታክቲካል ነዋ!» አለኝ፤ አላዋቂነቴ ገርሞት። ለመስክም ለተኩስ ልምምድም ይሆናል አለ። የኔ ጠላት የቡና በሽታ ነው፤ እሱ ደግሞ በጥይት አይሞትም። ቢሆንም ሸራው ወፍራም ነው፣ ስፌቱ ድርብ ነው፣ ውኃ አያስገባም፣ ስምንት ኪስ አለው፤ በወገብም በደረትም ይቆለፋል። ክብደቱ ዳሌ ላይ ስለሚያርፍ ሸክም መሆኑን ይረሱታል አለኝ። በመጨረሻ አናቱ ላይ ያለችውን አጭር መያዣ ጎተት ጎተት አድርጎ፣ ይቺ ደግሞ ድንገት ቢወድቁ ጓደኛዎ ይዞ የሚጎትትዎት ናት አለ። እውነቱን ልናገርና የገዛሁት ለዚያች መያዣ ስል ነው። መያዣው ካለ ጓደኛው አይጠፋም ብዬ መሰለኝ።

ማክሰኞ አዝዬው ሚኒባሱ በር ላይ ስደርስ ረዳቱ «ኮማንደር፣ ጋቢና ይግቡ!» አለኝ። ገባሁ። ከኋላ ይንጫጫ የነበረው ተሳፋሪ ጸጥ አለ። ስለ ቀበሌው ሊቀመንበር ስታማ የነበረች ሴትዮ ወሬዋን ወደ ጎመን ዋጋ ስታዞር ሰማኋት። ዞር ብዬ «እኔ እኮ የቡና ባለሙያ ነኝ» ብል ባሰ። ሳይጠየቅ የቡና ባለሙያ ነኝ የሚል ኮማንደር ማንን አያስፈራም?

አቶ ዱካሌ እንደ ልማዳቸው ወጥተው እጃቸውን ዘረጉ፤ ግን የሚይዙት አጡ። ዞረው ዞረው አዩኝና «ይሄ ቦርሳ ሚስት ነው እንዴ? ወገብህን አቅፎ ይዟል» አሉ። ሳቅሁ። እፍረቴን ለመሸፈን ይሁን ለጉራ አላውቅም፣ ስለ ዳሌና ስለ ክብደት ሙሉ ስልጠና ሰጠኋቸው። ምንም አይሰማኝም፣ ከእንግዲህ እርስዎን አላደክምም አልኳቸው። «ጥሩ ነው። እንግዲህ ጎብዘሃል» አሉና ወደ እንሰታቸው ተመለሱ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ ይኸው ቦርሳዬ ሃምሳውንም ሎሚ ለእኔ ለብቻዬ ጌጥ አደረገልኝ። የአንድ ሰዓቱን ዳገት በአርባ ደቂቃ ጨረስኩት። ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም።

በሚቀጥለውም ማክሰኞ አቶ ዱካሌ ከሩቅ እጃቸውን አንስተው ሰላም አሉኝና ሥራቸውን ቀጠሉ። አልተቀየሙኝም። ያልከበደውን ሰው ምን ብለው ያግዙት?

ሦስተኛው ማክሰኞ ዘነበ። የአሪቻ ቀይ ጭቃ ደግሞ ማዕረግ አያውቅም፤ ዳገቱ አጋማሽ ላይ አንሸራትቶ በጀርባዬ አስተኛኝ። ቦርሳው ከሥር፣ እኔ ከላይ፣ እግሬ ወደ ሰማይ። ቁልፎቹ ጭቃ ጠጥተው አልከፈት አሉ። ያቺ መያዣ ትዝ ብላኝ እጄን ወደ ኋላ ሰደድኩ። ካላመናችሁ ሞክሩት፤ የራስ እጅ አይደርስባትም። ለሌላ ሰው እጅ የተሰፋች ናት። እንጨት የተሸከሙ ሁለት ሴቶች መጡ፤ አረንጓዴውን ቦርሳ አዩ፣ እኔን አዩ፣ ኮማንደሩ ልምምድ ላይ ነው ብለው መሰለኝ «በርታ» ብለውኝ አለፉ። ምን እዋሻለሁ፣ እዚያው እንደተጋደምኩ አለቀስኩ። ሰው ናፈቀኝ። በኋላ ከማሰሪያው እንደ ምንም ተንፏቅቄ ወጣሁና ቦርሳውን ከፍቼ አየሁ፤ ጠብታ ውኃ አልገባበትም። ሻጩ አልዋሸኝም።

ቤቴ ከበር ኋላ አንድ ትልቅ ፌስታል ተንጠልጥሏል። ባለቤቴ ፌስታል መጣል አትወድም ነበር፤ እያጠበች፣ እያጣጠፈች ትልቁ ውስጥ ትጠቀጥቃቸዋለች። ከሞተች ወዲህ ነክቼው አላውቅም። በማግስቱ ማክሰኞ የሚሆን ይመስል ያን ምሽት ከመስቀያው አወረድኩት። ሆዱ የተነፋ፣ ሲያዩት ግማሽ ኩንታል የሚመስል፣ ሲያነሱት ግን እንደ ላባ።

ሳምንቱን ጠብቄ፣ ቦርሳዬን እንደ ወጉ ቆልፌ፣ ፌስታሉን በቀኝ እጄ አንጠልጥዬ ዳገቱ ሥር ደረስኩ። ቀኝ ትከሻዬንም ትንሽ ዘንበል አደረግሁ፤ ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው! አቶ ዱካሌ ቀና ብለው አዩኝ። መቆፈሪያቸውን ጥለው መጡ።

«አምጣ» አሉ።

ይከብዳል ብለው በኃይል ቢያነሱት ፌስታሉ እስከ ጆሯቸው ተወረወረ። ቆሙ። አፉን ከፈት አድርገው ወደ ውስጥ አዩ። ፌስታል፣ ፌስታል፣ ፌስታል። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ከዚያ አፉን መልሰው ቋጠሩት፣ ትከሻቸው ላይ ጣሉት፣ ወገባቸውን ጎበጥ አድርገው ፊት ፊት ወጡ። ሁለት ጊዜ ለማረፍ ተቀመጡ። ስለ አማቻቸው አወሩኝ። መዘምራኑ ታርቀዋል አሉኝ። ላይ ስንደርስ ግንባራቸውን ጠርገው «ኧረ ይሄስ ከባድ ነው» አሉና፣ ቀስ ብለው ደግሞ «ለሚመጣው ማክሰኞም ታመጣለህ?» አሉኝ።

«ክብደቱም ሳይጨምር አይቀርም» አልኳቸው።