የጋሽ አለበል ባትሪ

ጋሽ አለበል ጠዋት ጠዋት ጤናዬ ሻይ ቤት ሲገቡ፣ ከመቀመጣቸው በፊት ስልካቸውን ያወጣሉ። ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፈልቅቀው ባትሪውን ይነቅላሉ። ባትሪው ግራ ኪስ፣ ቀፎው ቀኝ ኪስ ይገባል። ከዚያ በበሩ በኩል ሰማዩን አየት አድርገው፣ «አሁን ሻይ አምጪ» ይላሉ።

በዚህ አገር ሚሳኤል ዒላማውን እንዴት እንደሚያገኝ የሚያስረዳ ሰው የሌለበት ሻይ ቤት የለም። ጎረቤታችን አምበር ከተማ አንድ አለ። ይጁቤ ሁለት አሉ፤ አይነጋገሩም። የሉማሜው ሊቅ ግን የእኛው ክቡር ጋሽ አለበል ናቸው። በደርግ ጊዜ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሚሳኤል መጋዘን ጎን አገልግለዋል፤ በብርድ ልብስ መጋዘን። ይህን ለሚያነሳባቸው መልስ አላቸው፦ «ግድግዳው አንድ ነው።»

ትምህርታቸው ለማንም ይገባል። «አንዱ ሚሳኤል መዥገር ነው። መዥገር የላሟን ስም አያውቅም፤ የሚሞቀውን ቦታ ነው የሚያውቀው። ሌላው የገበያ አህያ ነው። መንገዱን አንዴ ካሳዩት ነጂ አይፈልግም፣ ጭነቱን ይዞ ደጅህ ድረስ ይመጣል። ክፉው ደግሞ አዳኝ ውሻ ነው፤ ጥንቸሏ ወዳለችበት ሳይሆን ወደምትደርስበት ይሮጣል።» እዚህ ላይ ሻያቸውን ፉት ይላሉ። «ስልኩን ከፍቶ ለሚዞር ሰው ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ራሱ ና እያለ ይጠራዋል።»

ባሕር ዳር ያለችው ልጃቸው የኔአለም አዲስ ስልክ ብትልክላቸው፣ አገላብጠው አይተው መለሱላት። «ሆዱ የማይከፈት ስልክ አልይዝም።»

ባለፈው ጥር የጎረቤታቸው ልጅ ስሜነሽ ስትዳር የእድሩ ድንኳን አይተከልም ብለው ከዘመድ አዝማድ ተጣሉ። «ነጭ ድንኳን ውስጥ ሁለት መቶ ሰው! ከላይ ሲያዩት ምን ይመስላል?» እንግዳው ስድስት ስድስት እየሆነ በየባሕር ዛፉ ሥር ተበተነ። ወጡ ለግማሹ ሳይደርስ ቀረ፤ አዝማሪው የትኛው ዛፍ ሥር እንደሚቆም ጠፋው። የሙሽራዋ እናት ወይዘሮ ሥራነሽ፣ «ልጄን ዳርኩ ወይስ ከብት አሰማራሁ?» እያሉ ዋሉ። ሆኖም ተነስቶ ድንኳኑን የተከለ አልነበረም።

የሚያስቀን እስከዚህ ነው። ከሩቅ አንዳች ነገር እንደ ንብ ሲያጉረመርም ጋሽ አለበል ጣታቸውን ያነሳሉ፤ ሻይ ቤቱ በሙሉ ዝም ይላል። የጤናዬ ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ እንዳለ ይቆማል። «ወፍጮ ነው» ይላሉ ቆይተው። ያን ጊዜ ሁላችንም እንተነፍሳለን።

ልጃቸው የሺዋስ ከቤት ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። ወዴት ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ዛሬ ዛሬ በእኛ አገር ይህ አይጠየቅም። የሄደ ዕለት አባቱ በሩ ላይ ቆመው የሰጡት ምርቃት አንድ ነበር አሉ፦ «ባትሪህን ንቀል።» ከዚያ ወዲህ ደውሎ አያውቅም። ጋሽ አለበል ይህ አይደንቃቸውም። «አስተማሪው ማን ሆነና! ነቅሎታል እንጂ» ይላሉ። «የእኔ ልጅ የነገሩትን ይሰማል።»

ባለፈው ወር የፊዚክስ መምህሩ እንዳላማው፣ ለከተማው አዲስ ስለሆነ፣ ተከራከራቸው። ለክፋት አልነበረም።

«ጋሼ፣ ዒላማው ቀድሞ በካሜራ ከተለየኮ ባትሪ መንቀል አያድንም። እንዲያውም...»

ጤናዬ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው። ጋሽ አለበል ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«አያድንም?» አሉ። ድምፃቸው የሊቅ ድምፅ አልነበረም።

እንዳላማው የጤናዬን ፊት አየ፣ ከዚያ የእኛን። ባትሪ መንቀል የማያድን ከሆነ፣ የሁለት ዓመቱ ዝምታ ሌላ ነገር ይሆናል።

«ማለቴ... ያድናል ጋሼ። በጣም ያድናል። ተሳስቼ ነው።»

«ፊዚክስ ገና ብዙ ይቀርሃል» አሉት፤ ትንሽ ቆይተውም ሻይ ጋበዙት።

ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም ሻይ ቤቱ ስገባ ስልኬን አጠፋለሁ። የእኔው ሆዱ አይከፈትም፤ ግን እንዲያዩኝ አድርጌ ነው የማጠፋው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፣ አንድ ተማሪ እንደ ዳነላቸው ሁሉ።

ስለ እርስዎ ልጽፍ ነው ስላቸው ደስ አላቸው። የብርድ ልብሱን መጋዘን ሳይቀር ፈቀዱልኝ።

«አንዷን ብቻ ተያት፣ የኔ ልጅ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የዚያን ቀን ያየሽኝን። ሰውን ንቀሉ ንቀሉ እያልኩ እኔ ስሰካ... አታሳፍሪኝ።»

ቃል ገብቼላቸው ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

ያን ቀን ጋሽ አለበል ከባሕር ዛፉ አልፈው፣ ሰውም ከብትም የሌለበት ጦም ያደረ መሬት መሐል ድረስ ሄዱ። ዞር ብለው ከሰፈሩ መራቃቸውን ለኩ፤ ሚሳኤል ቢመጣ እሳቸውን ብቻ እንዲያገኝ። ከግራ ኪሳቸው ባትሪውን፣ ከቀኝ ኪሳቸው ቀፎውን አውጥተው ገጠሙ። ስልኩ ሲበራ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ስልኩን ወደ ሰማይ ከፍ አድርገው፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስኪደገም ቆሙ። አልጠራም። ነቀሉት። ጤናዬ እንደምትለው ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላስታጎሉም።

የሺዋስ፣ ይህ ጽሑፍ ካለህበት ደርሶ ከሆነ፣ አባትህ ባትሪውን የሚሰኩት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው።