ዩሪያ ተጭኖ ዩሪያ ያማረው መኪና

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶቻችን። ይላሉ እንጂ! አንድ ሰው ተነሥቶ «ፊትህ ጠቁሯል፣ እስቲ ሐኪም ቤት ሂድ» ቢለን ሐኪም ቤት ከመሄዳችን በፊት የምናደርገው ከዚያ ሰው ጋር ሰላምታ ማቆም ነው። እስቲ በየቤታችሁ ታዘቡ። ጣራው ያፈስሳል እያለች ደጋግማ የምትናገር ሚስት «ነዝናዛ» ትባላለች። ጣራው ግን ምንም አይባልም።

ይህን ሁሉ ማለቴ ስለ ባልና ሚስት ላወራችሁ ፈልጌ አይደለም። ስለ ከባድ መኪና ነው።

እኔ ታደሰ እባላለሁ፤ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ፤ ቤቴ ባሕር ዳር፣ ሰባታሚት ነው። አሁን የምነዳው የወይዘሮ አገሬ መኪና ከእነ ተሳቢው ሲያዩት ያስፈራል፤ ጠባዩ ግን የሕፃን ነው፤ ትንሽ ነገር ከነካው ይናገራል። ጭሱ የሚወጣበት ማርሚታ ላይ ሴንሰር የሚሏቸው ጣት የሚያህሉ ነገሮች ተሰክተዋል። ሥራቸው የጭሱን ክፋት እያሸተቱ ለመኪናው ኮምፒውተር መንገር ነው። ከናፍጣው ታንከር ጎን ደግሞ ሰማያዊ ክዳን ያለው ትንሽ ታንከር አለ። በእሱ ውስጥ ከዩሪያና ከተጣራ ውሃ የተቀመመ ፈሳሽ ይሞላል፤ ያ ፈሳሽ ማርሚታው ውስጥ እየተረጨ የጭሱን መርዝ ያበርደዋል። ፈሳሹ ካለቀ፣ ከተበላሸ ወይም መድረስ ካለበት ካልደረሰ ሴንሰሩ ያሳብቃል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ይበራል፤ ከዚያ መኪናው ጉልበቱን ይቀንሳል። ካላከማችሁኝ አልሮጥም ማለቱ ነው።

ታዲያ ይህ መኪና ባሕር ዳር እንደ ገባ ስሙ ጠፋ። «ቢጫዋ መብራት በራች» ብላችሁ የጠየቃችሁት ሰው ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ሽቦውን መቁረጥ። ከእኔ በፊት የነበረው ሾፌርማ ባሰበት። የማዳበሪያ ዩሪያ በባልዲ በጥብጦ ሰማያዊው ታንከር ውስጥ ገለበጠበት። የቆጋን የመስኖ ስንዴ ያፋፋ ማዳበሪያ መኪናዬንም ያፋፋልኛል ብሎ ይሆናል፤ እኔ በሰው አልፈርድም።

መኪናውን ስረከብ የሰፈራችንን ልጅ ሐናን ለመንኋት። ሐና ኮሌጅ ውስጥ አውቶሞቲቭ ታስተምራለች። ኮምፒውተሯን ይዛ መጣች፤ ሰካች፣ አነበበች፣ ራሷን ነቀነቀች።

«ጋሽ ታደሰ፣ ሴንሰሩን አይክሰሱት» አለችኝ። «ያየውን ነው የተናገረው። ክስ ካማረዎት ያጠጣውን ሰው ይክሰሱ።»

ተጋግዘን ሰማያዊውን ታንከር አራገፍነው። የወጣው ደለል ክረምት ላይ ጣና ዳር የሚተኛውን ጭቃ ይመስል ነበር። ታንከሩን አጠብን፣ ማጣሪያውን ቀየርን፣ አይጥ የቀመሰችውን ሽቦ ጠገንን፣ የሴንሰሮቹን መሰኪያ አንድ በአንድ እየነቀልን በደረቅ ጨርቅ ወልውለን መለስን። ሐና በዚህ ብቻ አልለቀቀችኝም፤ አስማለችኝ። ማርሚታውን መኪና ማጠቢያ ወስጄ በግፊት ውሃ እንዳላስመታ፤ ከታሸገ ጀሪካን በቀር ሌላ ፈሳሽ እንዳልሞላ፤ ክዳኑን ከመክፈቴ በፊት ዙሪያውን አቧራ እንድጠርግ። ሚስቴን ሳገባ እንኳ ይህን ያህል ቃል አልገባሁም።

የወይዘሮ አገሬ ትዕግሥት ግን ተሟጧል። ጭነት ልወስድ ስነሣ ግቢው በር ላይ አስቆሙኝ።

«ታደሰ፣ እኔ መኪና ገዛሁ እንጂ አራስ አልገዛሁም» አሉኝ። «ይህን ጭነት ጎርጎራ አድርስልኝና እንደ ልብህ ተንከባከበው። መንገድ ላይ ከቆመ ግን ሽቦውን አስቆርጠዋለሁ። አንተም ሌላ ቀጣሪ ትፈልጋለህ።»

ጭነቱ ምን ነበር መሰላችሁ? ዩሪያ። እስከ አፍ ገደፉ የተሞላ የዩሪያ ማዳበሪያ!

ገበሬዎቹ ጭነቱን ተረክበው እንዲመጡ የላኳቸው መሪጌታ ልሳነወርቅን ነው። መሪጌታ ጠዋት ቅኔ ያስተምራሉ፣ ከሰዓት በሬ ይጠምዳሉ። ጋቢናው ውስጥ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው ከጎኔ ተቀመጡና ገና የዓባይን ድልድይ ሳንሻገር የልባቸውን ነገሩኝ። በቆሎው ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። ሰዉ አህያውን ይዞ መጋዘኑ ደጅ ይጠብቃል። ወደ መጋዘኑ የሚያስገባው ደግሞ የአፈር መንገድ ነው፤ ዝናብ ከቀደመን ጭቃው እንኳን ተሳቢ ፈረስም አያሳልፍ።

ወረታን ስናልፍ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ወደ ኋላ ተመለከቱ።

«ታደሰ፣ ጭሱ የት ሄደ?»

«ፈሳሽ አለው መሪጌታ፤ እሱ ያጠፋዋል። ዩሪያ ነው።»

«ከኛው ዩሪያ?»

«ዘመዱ ነው፤ ግን እሱ የተጣራ ነው።»

ትንሽ አሰቡ። «እንደ ፊልተር ጠላና እንደ ቅራሪ በለኛ!»

የሐናን ትምህርት እንዲህ አሳጥሮ የተረዳ ሰው አላየሁም።

አዲስ ዘመንን አልፈን ዳገቱን እንደ ጀመርን ቢጫዋ መብራት ቦግ አለች። ወዲያው መኪናው ከሥሬ ሲዝል ተሰማኝ፤ ነዳጅ ብሰጠው ያቃስታል እንጂ አይሄድም። እየተንፏቀቅን አንዲት የመንገድ ዳር መንደር ደረስንና ከሻይ ቤቷ ፊት ለፊት ጥግ ይዤ አቆምሁት።

በአገራችን ሰው ሲታመም ጠያቂ፣ መኪና ሲቆም መካሪ አይጠፋም። ከመውረዴ ተከበብሁ። ሽባባው የሚባል የማውቀው የገልባጭ መኪና ሾፌርም አየኝና ቆመ፤ ፒንሳውን እያንቀጫቀጨ ወረደ።

«ታዴ፣ ምን ሆንህ?»

«የዩሪያው መብራት በራ።»

ሽባባው አንድ ጊዜ ጭነቴን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየና ሳቁን ለቀቀው። «ዩሪያ ተሸክመህ ዩሪያ ቸገረኝ ትላለህ? አንድ ጆንያ ቀደህ መበጥበጥ ነው እንጂ!»

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» አሉ አንድ ሽማግሌ ከኋላ። መንደሩ ሳቀ። እኔም በሰው መኪና ቢሆን እስቅ ነበር።

«እሱንም ካልፈለግህ» አለ ሽባባው ፒንሳውን ከፍ አድርጎ፣ «ይኸው። ቆርጬው፣ ኮምፒውተሩን አታልዬው፣ ሻይህን ሳትጨርስ ትሄዳለህ።»

መሪጌታ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር። «ታደሰ፣ እኔ የማሽን ነገር አላውቅም። ሰማይ ግን አነባለሁ።» ቀና ብዬ አየሁ። በጣና በኩል ደመናው እየጠቆረ ነበር።

እነሆ እንግዲህ። ብቆርጠው ጭነቱ ይደርሳል፤ ወይዘሮ አገሬም የፈሩት ደረሰ ብለው የቀረውን ሁሉ ያስቆርጡታል። ባልቆርጠውና ባልነሣ ደግሞ የዚህ ሁሉ ገበሬ በቆሎ በእኔ ግትርነት ይቀራል። ፒንሳውን አየሁት፤ የምሬን ነው የምላችሁ፣ ትንሽ አማረኝ። ከዚያ ስልኬን አወጣሁና ሐና ጋ ደወልሁ።

«ፈሳሹ አለ?» አለች።

«ከግማሽ በላይ።»

«ሽቦውና መሰኪያውስ?»

«አየሁት፤ ደኅና ነው።»

«እንግዲያው ሴንሰሩ እውነቱን ነው። ፈሳሹ አለ፤ ወደ ማርሚታው ግን አይደርስም። የሚረጨውን አፍንጫ ፈትተው ይዩት። ነጭ ነገር ከደረቀበት የዩሪያ ጨው ነው፤ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ይበቃዋል። በሽቦ እንዳይጎረጉሩት። ሴንሰሮቹን ደግሞ ጠብታ እንዳይነካቸው።»

ማርሚታው እስኪበርድ መጠበቅ ግድ ነበር፤ ደመናው ግን አይጠብቅም። ሲበርድልኝ ከሥር ገባሁና አፍንጫውን ፈታሁት። አወጣሁት። ጫፉ ላይ የአሞሌ ስባሪ የመሰለ ነጭ ድንጋይ ተጋግሯል። ያ በባልዲ የተበጠበጠው ማዳበሪያ፣ ታንከሩን ብናጥብም፣ ርዝራዡ እዚህ ተደብቆ ኖሯል። ይህን ሁሉ ጊዜ ሴንሰሩ ሲጮህ የነበረው ይህንኑ ነው።

ወደ ሻይ ቤቷ ዞርሁ። «እትየ፣ ለብ ያለ ውሃ ይኖርሻል?»

«ሻይ ነው ቡና?» አለች ባለቤቷ።

«ውሃ ብቻ።»

«ለማን ነው?»

«ለመኪናው።»

ዓይኗን ሳትሰብር «ስኳር ይጨመርለት?» አለችኝ።

መንደሩ ዳግመኛ ሳቀ፤ ሴትየዋ ግን ማንቆርቆሪያዋን አጥባ ንጹሕ ውሃ ለብ አድርጋ ይዛልኝ መጣች። መሪጌታ ተቀበሏትና ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ እጅ እንደሚያስታጥብ ሰው ቀስ እያሉ ያፈስሱልኝ ጀመር። እኔ አፍንጫውን አገላብጣለሁ፤ እሳቸው ያወርዳሉ። ያ ድንጋይ መጀመሪያ ላበው፣ ቀጥሎ ለሰለሰ፣ ከዚያ እንደ ስኳር ሟሙቶ በጣቶቼ መካከል ወረደ። ቀዳዳዎቹ ተከፈቱ።

«ዕፁብ ነው!» አሉ መሪጌታ።

አድርቄ መልሼ አሰርሁት። ሞተሩን አስነሣሁ። ሰው ሁሉ በመስኮቱ በኩል ዳሽቦርዱን ለማየት ይንጠራራል።

መብራቷ እንደ በራች ነው።

«ይኸው! አላልሁህም?» አለ ሽባባው፤ ፒንሳውን ኪሱ ከተተና ገልባጩን አስነሥቶ ሄደ። ትቶት የሄደው ጥቁር ጭስ ሻይ ቤቷ ውስጥ ገብቶ ሁላችንንም አሳለን። እኔ ግን ሐና ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ያለችኝን ይዣለሁ፤ ወዲያው አይጠፋም፣ ሴንሰሩ እንደገና ለክቶ ማመን አለበት። ያላየውን አይመሰክርማ!

«ይሳፈሩ መሪጌታ» አልሁ። «እንሄዳለን።»

በአንደኛ ማርሽ ዳገቱን ተያያዝነው። አካሄዳችንን ምን ብዬ ልንገራችሁ? እንጨት የጫነች አህያ የምትነዳ ሴት ከኋላ ደርሳ አለፈችን። ስታልፈን ደግሞ አንጀቷ ተላወሰና «በርቱ» አለችን። መሪጌታ በለሆሳስ ይጸልያሉ። እኔ ዓይኔን ከመንገዱ ወደ መብራቷ፣ ከመብራቷ ወደ መንገዱ አመላልሳለሁ። አንዱን ጠመዝማዛ ዞርን፤ አለች። ሁለተኛውን ዞርን፤ አለች። የዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ ብልጭ አለች፤ ደገመችና… ጠፋች።

«ጠፋች?» አሉ መሪጌታ፤ ለካ በአንድ ዓይናቸው ሲያዩ ኖሯል።

«ጠፋች!»

ነዳጅ ሰጠሁት። መኪናው እንደ ታሰረ ወይፈን ገመዱን በጥሶ ወጣ። ማርሽ ጨመርሁ፤ ወሰደው። ደግሞ ጨመርሁ፤ ወሰደው! ያችን ሴት አለፍናት፤ ጥሩንባ ነፋሁላት፣ እሷም እልልታዋን ለቀቀችልን። ዳገቱ ጫፍ ላይ ሽባባው በራሱ ጭስ ተከናንቦ ሲያቃስት ደረስንበት። ሳልፈው ምንም አላልሁም፤ ጨዋ ሰው ነኝ። መሪጌታ ግን በመስኮት ጭራቸውን አውጥተው ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ሦስቴ ወዘወዙለት።

ማክሰኝትን፣ አዘዞን፣ ቆላድባን መብራቷ ሳትመለስ አለፍን። ጎርጎራ ስንደርስ ጣና ከማዶ እንደ ብረት ጠቁሮ ዝናቡ ከደሴቶቹ ላይ ሲነሣ ይታያል። የአፈር መንገዱ ገና ደረቅ ነበር። ገበሬው፣ አህያው፣ ልጃገረዱ ሁሉ መጋዘኑ ደጅ ቆሟል። አንዱ አዛውንት «ይህን የሚያህል መኪና እንዴት ሳያጨስ ይሄዳል?» ብለው ጠየቁ። መሪጌታ ሞተሩ ሳይጠፋ ወደ ኋላ ሄዱና የነጭ ነጠላቸውን ጫፍ የማርሚታው አፍ ላይ ዘረጉ። ያን ያህል ንጹሕ ነው ብሎማ ሴንሰሩም አልማለልኝም። አንሥተው ለሕዝቡ አሳዩት። ነጭ። እንደ ነበረ ነጭ!

ያን ቀን የጎርጎራ ሴቶች እልል ያሉት ለማዳበሪያው ይሁን ለነጠላው አላውቅም፤ እኔ ግን ለራሴ ወሰድሁት። ጆንያው እንደ ጉድ ተራገፈ። የመጨረሻው ገብቶ በሩ ሲዘጋ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ።

መጋዘኑ ውስጥ ተጠልለን ሳለ ለወይዘሮ አገሬ ደወልሁ።

«ደረሰ?» አሉ።

«ደርሷል፤ ተራግፏል።»

«ሽቦውስ?»

«ምንም አልተነካ።»

«በል እንግዲህ፣ አይቆረጥም» አሉ። ደስታዬን ልገልጽ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። «ሌላውንም መኪናዬን ከነገ ጀምሮ ትረከበዋለህ። የእሱን ሽቦ አምና አስቆርጬው ጭሱ ከተማውን አስመርሯል። እንደዚህኛው አድርገህ አድንልኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ለካ ድል ማለት ሌላ ሰው ያበላሸውን እንድታበጅ መሾም ነው።

«ምን አሉህ?» አሉ መሪጌታ። ራሳቸው፣ ጢማቸው፣ ትከሻቸው በዩሪያ ብናኝ ነጥቷል። ነገርኋቸው።

የቅኔ መምህር ናቸውና ቃል አያባክኑም። ዙሪያችንን እስከ ጣራው የተከመረውን ማዳበሪያ አየት አደረጉና እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ።

«ሹመት ያዳብር!»

አሜን ከማለት ሌላ ምን ማምለጫ ነበረኝ?