የጋሽ ወርቁ አሮጌ እንጨት

እኔ የምለው፣ እንጨት ጥሩ የሚባለው አዲስ ሲሆን ነው ወይስ አሮጌ ሲሆን? እባካችሁ አትሳቁብኝ። ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ስለ ደን መመናመን ጥቁር ሰሌዳው እስኪነጣ ጽፌያለሁ። ካርቱም ከመጣሁ በኋላ ግን ጭራሽ ግራ ገባኝ።

ነገሩ የሆነው ከጦርነቱ በፊት ነው። አል-ሳሃፋ የሚባለው የካርቱም ሰፈር ውስጥ ጋሽ ወርቁ የሚባሉ አናጢ ነበሩ። እንደ እኔው በፖለቲካ የተሰደዱ ያገሬ ሰው ናቸው። እጃቸው ወርቅ ነው። እንጨታቸው ግን ከፈረሰ ቤት የወጣ በር፣ የዕቃ ሳጥን፣ የተሰባበረ መስኮት ነበር። ምስማሩን ነቅለው፣ ልገው፣ አለስላሰው ሲያወጡት ማንም አይለየውም። እሳቸው ግን ያፍሩበታል። ድህነት ይዞኝ ነው እንጂ ማን በአሮጌ ይሠራል ይሉ ነበር።

ያን ሰሞን ሥራ ጠፍቶ ሱቃቸው ሊዘጋ አንድ ሐሙስ ቀርቶታል። አንድ የተራድኦ ድርጅት የተማሪዎች ዴስክ የሚሠራለት አናጢ እንደሚፈልግ ሰማን። ይህን ካገኙ ተረፉ። ካጡ በዚያ ዕድሜያቸው መጋዛቸውን ሸጠው ለሰው ሊቀጠሩ ነው። ድርጅቱ ግን እንጨቱን ሳያይ አይዋዋልም። እንጨቱን የምታየው ኡስታዛ ሰልማ የምትባል ሱዳናዊት ናት። የጋሽ ወርቁ ዓረብኛ ከገበያ ስለማያልፍ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ።

መቼም እንግዳ ይመጣል ሲባል ሀበሻ ምን ያደርጋል? ቤቱን ይጠርጋል፣ ያረጀውን ይደብቃል፣ ከሌለው ከጎረቤት ተውሶ ያሳምራል። ጋሽ ወርቁም ይህንኑ አደረጉ። በጠዋት አሮጌውን እንጨት በሙሉ ተሸክመን አጠገባችን ያለው ዳቦ ቤት በር ላይ ቆለልነው። ከጣውላ ነጋዴ ደግሞ ትኩስ የሰነጥ ጣውላ ተዋሱ። ሰነጥ የዓባይ ዳር ግራር ነው። ገና እርጥበቱ አልለቀቀውም። ደርድረን ሳየው እኔም ኮራሁ።

ኡስታዛ ሰልማ መጣች። ጣውላውን ዳሰስ አደረገችና ፊቷ ተለወጠ። ከየትኛው ደን ነው? ማን ቆረጠው? በፈቃድ ነው? በምትኩስ ምን ተተከለ? እኔ እተረጉማለሁ፣ ጋሽ ወርቁ ላብ በላብ ሆነዋል። ፖሊስ እንኳ ኢቃማ ብሎ የመኖሪያ ፈቃድ ሲጠይቀን እንዲህ አያጠብቅም። ለካ ጣውላም ስደተኛ ኖሯል!

ደግሞ ቃላቱ! የተረጋገጠ ምንጭ፣ መልሶ መጠቀም፣ ዘላቂነት። ዘላቂነት ምንድን ነው ብለው ጋሽ ወርቁ በጆሮዬ ጠየቁኝ። የነገውን ሳያጎድሉ ዛሬ መጠቀም ነው አልኳቸው።

"ነገ የሚዘጋ ሱቅ ይዤ?" አሉኝ።

እሱንስ ለኡስታዛዋ እንዴት አድርጌ ልተርጉመው? እሷም በመጨረሻ ተነፈሰች። እኛ የምንፈልገው ዛፍ ያልተቆረጠበትን ነው፣ ከፈረሰ ቤት የወጣ በር ቢሆን፣ የዕቃ ሳጥን ቢሆን አለች። "ኸሸብ ገዲም!"

አሮጌ እንጨት ማለቷ ነው። ጋሽ ወርቁ ለዚህኛው አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። "ያላ!" ብለው ወደ ዳቦ ቤቱ በረሩ፤ ተከተልናቸው።

ዳቦ ጋጋሪው ዓም ዑስማን በፈገግታ ተቀበሉን። እንጨት አምጥቶ ዳቦ ቤት በር ላይ የሚቆልል ጎረቤት ሌላ ምን ሊፈልግ ይችላል? ስጦታ መስሏቸዋል። ሁሉንም ማግደውታል። "ወላሂ፣ እንዲህ የሚነድ እንጨት አይቼ አላውቅም!" እያሉ ትኩስ ዳቦ አሸከሙን። ጋሽ ወርቁ ዳቦውን እንደታቀፉ እንባቸው መጣ።

ኡስታዛ ሰልማ ደግ ሰው ናት። ዳቦዋን እየቆረሰች ሰኞ ተመልሳ እንደምትመጣ፣ ያኔ አሮጌ እንጨት ካየች ሥራውን እንደምትሰጣቸው ነገረችን። እስከ ሰኞ ከየት ይመጣል? ኢንሻላህ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ሰኞ ብሄድ ሱቁ ውስጥ ግሩም የሆነ አሮጌ እንጨት ተደርድሯል። ኡስታዛዋ ፊቷ በራ፤ ሥራውን ሰጠቻቸው። ሱቁ ተረፈ! ከየት አገኙት ብላቸው፣ ና ምሳ እንብላ ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ።

ቤቱ በር የለውም፤ መጋረጃ ተንጠልጥሎበታል። ሁልጊዜ የምንበላበት ጠረጴዛ የለም። ያ በገመድ የተወጠረው የሱዳኖች አልጋ፣ አንገረቡም የለም። ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። ጨነቀኝና የሆነ ነገር ለማለት ያህል ለባለቤታቸው ለእትዬ አሰገደች፣ "እንኳን ደስ አለዎት፤ ለዚህ ሥራ እኮ አንድ ዛፍ እንኳ አልተቆረጠም!" አልኳቸው።

እትዬ አሰገደች ምሳውን አስቀመጡና ቀና ብለው አዩኝ።

"እሰይ!" አሉ። "እንግዲያው ማታ እዚያው ዛፉ ላይ ወጥተን እንተኛለና።"