ጋሽ ብቻዬን እና የመታጠቢያ ቤቱ በር

«ብቻዬን!» የሚል ሽማግሌ የሌለበት ሰፈር የለም። መንገድ ላሻግርዎ ያለውን በዓይኑ ይገርፈዋል፤ ዘንቢሉን ሊቀበለው እጁን የዘረጋውን እንደ ሌባ ያየዋል። የዚህ ሰፈሩ ክቡር ጋሽ ብቻዬን ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው። አምፖል ለመቀየር ወንበር ላይ ወንበር ደርበው ይወጣሉ። ሐኪም ያዘዘላቸውን ከዘራ ደግሞ ጓሮ ተክለው የቲማቲም ድጋፍ አድርገውታል።

ባለቤታቸው እትዬ፣ አምፖሉንም ከዘራውንም ችለዋል። ያልቻሉት የመታጠቢያ ቤቱን በር ነው። ባለፈው ክረምት ጋሽ እዚያ ወድቀው ጎናቸውን ከተመቱ ወዲህ እትዬ የቁልፉን ድምፅ በሰሙ ቁጥር ልባቸው ድንግጥ ይላል።

«አትቆልፍ! ብትወድቅ ማን ሊደርስልህ ነው?»

«አልወድቅም።»

«ባለፈውስ?»

«ባለፈው የወደቀው ሳሙናው ነው፤ እኔ ተከትዬው ነው።»

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ተስማሙ። ጋሽ ይቆልፋሉ፤ ግን ታጥበው እስኪወጡ ድረስ ያፏጫሉ። እትዬም በሩ ሥር ወንበር ስበው፣ ሹራብ የሚሠሩ መስለው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ያዳምጣሉ። ያ ሹራብ እጅጌው ሦስት ጊዜ ተፈትቷል።

አንድ እሑድ ጠዋት ፉጨቱ መሐል ላይ ቀጥ አለ።

«አንተ!» አሉ እትዬ። ውሃው ይወርዳል እንጂ መልስ የለም።

«አንተ ሰውዬ፣ በእናትህ አታስጨንቀኝ!»

ከዚያ ባልዲ ወለሉ ላይ ሲንሸራተት ሰሙ። ዕድሜ ልካቸውን አብረውት ሲነታረኩ የኖሩት ሰው ከአንዲት ሳንቃ ጀርባ ብቻውን እየሞተ መሰላቸው። ጎረቤት ሊጠሩ ተነሡና ተመለሱ፤ ትቶ መሄድ አልሆነላቸውም። እንደማይከፈት እያወቁ በሩን በትከሻቸው ገፉት።

በሩ ያለ ምንም ትግል ተከፈተ።

ጋሽ ፎጣ አገልድመው ተንበርክከዋል። አንድ እጃቸው አፋቸውን ሸፍኗል፤ ሌላው ባልዲውን ገፍቶ ወለሉን ይዳብሳል። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ወድቆባቸው ነው። ያለ ጥርስ ደግሞ ፉጨት የለም፤ ያለ ጥርስ ለሚስታቸው መልስ ከሚሰጡ ሞታቸውን ይመርጣሉ።

«አንኳኪ እንጂ!» አሉ በጣቶቻቸው መሐል።

እትዬ ግን የሚያዩት የበሩን ጠርዝ ነበር። ቁልፉ ቀጭ ይላል እንጂ ወደ መቃኑ የሚገባው ብረት የለም። ከሥሩ ተቆርጦ፣ እጅ እንዳይቧጥጥ በሞረድ ተስተካክሏል። ይህን የመሰለ ንጹሕ ሥራ በቤቱ ውስጥ የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ነው። ቆረጣውም ትኩስ አልነበረም፤ ዝጓል።

እትዬ ጥርሱን ከባልዲው ጀርባ አንሥተው፣ ፊታቸውን አዙረው አቀበሏቸውና ወጡ። በሩንም መልሰው ዘጉላቸው።

ከውስጥ ቁልፉ ቀጭ አለ።

«አትቆልፍ አልኩህ እኮ!» ጮኹ እትዬ፣ እንባቸውን በሹራቡ እየጠረጉ።

«ብቻዬን!» አሉ ጋሽ፤ ፉጨታቸውንም ካቆሙበት ቀጠሉ።