ከጣት አልወርድም ያለው ቀለበትና የልብስ ሰፊዋ ዘመቻ

ጫማዋን በእግሯ ጣቶች እየፈለገች ነበር። ዓይኗ ከመርፌው ቀዳዳ ሳይነሣ፣ ቀኝ እጇ ክር እያስገባ፣ ቀኝ እግሯ ከስፌት መኪናው ፔዳል ወርዶ ከወንበሩ ሥር ዳሰሰ፤ ጫማውንም አገኘው፤ አገኘው እንጂ አልገባበትም። ይህም የሆነው በዘመነ ላብ፣ ልብስ ሰፊዋ በእርግዝና መንበር በተቀመጠች በስምንተኛው ወር፣ የግራ ጫማዋ ባመፀ በሦስተኛው ሳምንት፣ ቀኙም የወንድሙን ነገር አይቶ በሸፈተ በማግሥቱ ነበር።

እርሷም ንግሥተ መርፌ ወክር፣ መጋረጃን አሳጣሪ፣ የሱሪን ወገብ አስፋፊ፣ ወፍራም ስፖንጅን ከጠባብ ልብሱ ጋር አስታራቂ ናት። ግዛቷ አንዲት ክፍል ስትሆን በአንድ ወገን መንገዱ፣ በሌላው ወገን የመኝታ ቤቷ በር ያዋስኗታል፤ ከቀትር በኋላም ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ማንም ሳይጋብዛት ትቀመጥባታለች። ሠራዊቷም ቀበቶው የሚያንቋርር የስፌት መኪና፣ ሲግል የሚያንኮራፋ ካውያ፣ ቁጥሩ እስከ ሠላሳ ድረስ የተፋቀ ሜትር፣ ደግሞም ራስና እጅ የሌላት የልብስ ማሳያ ነበሩ። ይህች ማሳያ በስምንት ወር ውስጥ ወገቧ አንድ ጣት እንኳ ስላልሰፋ፣ ፊት ባይኖራትም ፊቷን ወደ ግድግዳ እንድታዞር ተፈርዶባታል።

ከዚህ ሦስት ቀን አስቀድሞ ልብስ ሰፊዋ የባሏን ነጠላ ጫማ ተጫምታ ወደ ጤና ጣቢያ ዘምታ ነበር። በዚያም አዋላጅ ነርሷ ክንዷን አስራ ደም ግፊቷን ለካች፣ ሽንቷን መረመረች፣ የእግሯንም እብጠት በአውራ ጣቷ ተጭና ጉድጓዱ እስኪሞላ ጠበቀች፤ ከዚያም እንዲህ ስትል አዋጅ ነገረች፦

«እህቴ፣ ግፊትሽ ደህና ነው፣ ሽንትሽም ንጹሕ ነው፤ ይሄ የሙቀቱና የወንበሩ ሥራ ነው። ውኃ ጠጪ። ጨው ቀንሺ። በየሰዓቱ ተነሥተሽ ተንቀሳቀሺ። ስትተኚ በግራ ጎንሽ ሁኚና እግርሽን ከፍ አድርጊው። ራስሽን ካመመሽ፣ ዓይንሽ ብዥ ካለብሽ ወይ ፊትሽ ድንገት ካበጠ ቀጠሮ ምናምን ሳትዪ ሮጠሽ ነይ። ያን ቀለበት ግን ዛሬውኑ አውልቂው! ነገ ይጠብቅብሻል፣ ከነገ ወዲያ በመጋዝ ነው የሚወጣው።»

ልብስ ሰፊዋም አዋጁን እጅ ነሥታ ተቀበለች፤ በመንገድ ሳለች ግን ከአዋጁ የትኛውን እንደምትፈጽም መረጠች፤ ቀለበቱንም አልመረጠችም። ቀለበቱ የባሏ እናት ንብረት ነበርና። እኒህ እመቤት፣ የቤቱ ዘብ፣ የድስት ክዳን ሁሉ መርማሪ፣ በሠርጉ ቀን ቀለበቱን ከጣታቸው አውጥተው በእርሷ ጣት ሲያስገቡት «ሠላሳ ዓመት ከእጄ አልወለቀም፤ አንቺም እንዳታወልቂው!» ብለው በሰው ሁሉ ፊት አውጀዋል። በቀለበቱ ውስጥም ብረት ሠሪ የነበሩት ሟች ባላቸው በሚስማር ጫፍ የጫሩት አንዲት ትንሽ ሥዕል አለች። ቅጠል ናት የሚሉ ነበሩ፣ ዓሣ ናት የሚሉም ነበሩ፤ እመቤቲቱ ግን በተጠየቁ ቁጥር ከንፈራቸውን ገጥመው ወደ ጓዳ ይገቡ ነበር እንጂ አንድም ቀን አልፈረዱም። ከሟቹም እጅ በዚህ ዓለም የቀረው ጽሕፈት ይኸው ብቻ ነው። ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ ከእብጠቱ ይልቅ አማቷን ፈራች።

የቀረው አዋጅ እንኳ ያለ ጦርነት አልጸናም። የባሏ እናት ማሰሮ የሚያህለውን የውኃ ጆግ ከምራታቸው ፊት አንሥተው፣ በቤቱም በደጁም እንዲሰማ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ይቺ ልጅ በውኃ ነው የተነፋችው! በባሊ እየተጋተች እንዴት አታብጥ? ካሁን ወዲያ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ብርጭቆ፤ ያነሳት እኔን ትጠይቀኝ!»

በሁለት አዋጅ መካከል የወደቀችው ንግሥትም አልጮኸችም፤ ለካውያው እንፋሎት ነው ብላ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ንጹሕ ውኃ ከመኪናዋ ሥር አኖረች፤ አማቷ ፊታቸውን ባዞሩ ቁጥርም ታነሣው ነበር። እመቤቲቱም በሦስት ቀን ውስጥ ካውያው የጠጣውን ውኃ አይተው እጅግ ተደነቁ።

ባሏ ደግሞ ሊቀ ጸረብት፣ የበርና የመስኮት አባት፣ ውኃ ልኩን ከኪሱ የማይለይ አናጢ ነው። «እግሯ ከፍ ይበል» የሚለውን በሰማ ጊዜ ሁለት ጠርብ ቆርጦ፣ ልጎ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ፣ የአልጋውን ግርጌ አንድ ስንዝር ከፍ አደረገው፤ ውኃ ልኩንም አስቀምጦ አረፋዋን እያየ ፈገግ አለ። ሆኖም ሙቀቱ ከበረታ ወዲህ እርሱ ምንጣፍ ላይ ነበርና የሚተኛ፣ ሚስቱ ትራሷን ወደ መስኮቱ ወስዳ ራስጌውን ግርጌ እንዳደረገችው አላወቀም። ልብስ ሰፊዋም ጭንቅላቷ ተራራ፣ እግሯ ሸለቆ ሲሆን ወዲያው አየች፤ ነገር ግን ባሏ ጠርቡን እንደ ልጅ ሲዳብሰው አይታ አንጀቷ አልቻለም፣ የመስኮቱም ነፋስ ጣፋጭ ነበር። ስለዚህ ዝም ብላ ሦስት ቀን ቁልቁል ተኛች።

ጨውን በተመለከተ ግን ዜናው ይጨልማል። ክር በሚቀመጥበት መሳቢያ ውስጥ፣ ከጥቁር ክሮች ጀርባ፣ አንድ የቆርቆሮ ጣሳ ነበረ፤ በጣሳውም ጨው የለበሰ ኦቾሎኒ ነበረበት። ከዚህ በላይ መጻፍ ለንግሥቲቱ ክብር አይበጅም።

እንግዲህ ቀኝ ጫማዋ በሸፈተ ማግሥት፣ እግሯን ከወንበሩ ሥር ሰብስባ ግራ እጇን ወደ ብርሃን ባነሣች ጊዜ፣ ቀለበቱ በጣቷ ሥጋ ውስጥ ገብቶ አየችው፤ ጣቷም ቀልቷል፣ ጨርቁን መቆንጠጥ አልቻለም። በአፏ አረጠበችው፣ አላመነችም፣ ሳበችው፤ አልተነቃነቀም። በሆዷ ያለው አልጋ ወራሽም አንድ ጊዜ ረገጠ። ያን ጊዜ ለሦስት ቀን ስትሸሸው የነበረው ፍርሃት መጥቶ ከጎኗ ተቀመጠ፤ ጣቷን ብታጣ መርፌ በምን ትይዛለች? ቀለበቱንስ ብታስቆርጥ የአማቷን ፊት በምን ዓይን ታያለች?

ነገሩም በተሰማ ጊዜ ሰፈሩ ተነሣ። ፀጉር አስተካካዩ የጺም መላጫውን አረፋ በሳህን ይዞ መጣ፤ ብስክሌት ጠጋኙ ግራሶ በጣቱ ላይ ይዞ መጣ፤ የሱቋ ሴትዮ የምግብ ዘይት በጠርሙስ ይዛ መጣች፤ ምንም ያልያዙ ሦስት ሰዎችም ምክር ይዘው መጡ። አረፋው ተቀባ፣ አረፋውም ከሸፈ፤ ዘይቱ ተከተለ፣ ዘይቱም ወደ ክርኗ ሸሸ፤ ብስክሌት ጠጋኙ ግራሶ የነካ እጁን ሲዘረጋ ግን እመቤቲቱ «ያንን ጥቁር ነገር ከልጄ አርቅልኝ፤ እሷ ሰንሰለት ናት እንዴ!» ብለው በአዋጅ መለሱት። በሳቡት ቁጥርም ጣቱ ይብስ ያብጥ ነበር።

አናጢውም ወደ ጤና ጣቢያው ደውሎ የአዋላጅ ነርሷን ሁለተኛ አዋጅ በስልኩ ድምፅ ማጉያ ለሕዝቡ አሰማ፦

«መጎተቱን አቁሙ! እጇን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ንከሩት፣ ከዚያ ከልቧ በላይ ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። እስከ አሥር ሰዓት ካልወጣ ወርቅ ሠሪው ይቁረጠው። ጣቷ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ግን ሰዓት አትቁጠሩ፣ ወዲያው ቁረጡና ይዛችኋት ኑ!»

እንዲህም ሆነ። እጇ በቀዝቃዛ ውኃ ተነከረ፤ እግሯም በሁለተኛ ሳፋ ገባ፣ ይህንንም ማንም አላዘዘም፣ ራሷ ናት ያስገባችው። ከዚያ አናጢው ክንዷን እንደ ባንዲራ ከፍ አድርጎ ይዞ ከጎኗ ቆመ፤ ክንዱ ሲዝል በሌላው ክንዱ ይቀይር ነበር፣ ውኃ ልኩን ግን አላወጣም፣ ስለዚህም ሊመሰገን ይገባል። አሥር ሰዓት ሩብ ሲቀረውም ወርቅ ሠሪው የእርሳስ ውፍረት ያላትን መጋዙን በጨርቅ ጠቅልሎ ገባ።

በዚያን ጊዜ የባሏ እናት ከወንበራቸው ተነሡ። ሰው ሁሉ ሊከለክሉ ነው ብሎ ጠበቀ፤ እርሳቸው ግን መጋዙን አንድ ጊዜ አይተው እንዲህ አወጁ፦

«ቁረጠው። ምን ታዩኛላችሁ? ቁረጠው አልኩ! ብረት ብረት ነው፤ የልጄን ጣት በብረት አልለውጥም።»

ይህንንም ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ከልብስ ማሳያዋም ጎን ቆሙ። ልብስ ሰፊዋ የሁለቱን ጀርባ አየች፤ አንዱ ጀርባ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከእግራቸውም ሥር፣ ዛሬ ልብሱን መልበስ የሚገባው አንድ የሶፋ ስፖንጅ ተቀምጦ ነበር፤ እርሷ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ከጫፍ እስከ ጫፍ በጨርቅ ጥብጣብ ተጠቅልሎ፣ ወገቡ እንደ እባብ ቀጥኖ። እንዲህ ያለውን ስፖንጅ በጠባቡ አፍ ታስገባዋለች፣ ከዚያ ጥብጣቡን ከውስጥ እየፈታች ትስባለች። በእጇ ስንት ሺህ ስፖንጅ አለፈ! ጣቷንም አየች፣ ስፖንጁንም አየች፤ ያን ጊዜ በሦስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያውን አዋጇን አወጀች፦

«ማንም እንዳይነካኝ! ወርቅ ሠሪው፣ አንድ አፍታ ቁጭ በል። አንተ ክንዴን ልቀቀውና ክር አምጣልኝ፤ ግራጫውን፣ ለስላሳውን፣ የካፖርት ቁልፍ የምሰፋበትን። እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ወደዚህ ይዙሩ፤ ግድግዳው አይወድቅም። ጫፉን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

እመቤቲቱም ዞሩ። ልብስ ሰፊዋ የደነዘውን የመርፌ ጀርባ አስቀድማ የክሩን ጫፍ በቀለበቱ ሥር አሾለከች፤ አማቷ ጫፉን በመዳፏ በኩል ይዘው ጠበቁ። የቀረውን ክር እርሷ በቀኝ እጇ ከቀለበቱ አፍንጫ ጀምራ፣ ክር ከክር አጠገብ፣ ክፍተት ሳትተው፣ እስከ አንጓዋ ማዶ ድረስ ጠመጠመችው፤ እብጠቱም ከክሩ ሥር ተጨፍልቆ ቀጠነ። ጣቷ አቃጠላት፤ ጥርሷን ነከሰች። ከዚያም የባሏ እናት የያዙትን ጫፍ ወደ ጥፍሯ አቅጣጫ ዙሪያውን እየፈቱ ሳቡ፣ ቀለበቱም አንድ ክር ተራመደ፤ ሳቡ፣ ሁለተኛውን ተራመደ፤ በአንጓው ላይ ቆሞ አንገራገረ፤ አልጋ ወራሹ ረገጠ፤ ቀለበቱም አንጓውን ተሻግሮ በአማቷ መዳፍ ላይ ወደቀ። ሰዓቱ አሥር ሊሆን አንድ ደቂቃ ይቀረው ነበር።

የጣቷ ደም ተመለሰ፣ ቆዳውም ቀስ እያለ ወደ መልኩ መጣ። እመቤቲቱ ግን ቀለበቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው ውስጡን አዩ፤ ለብዙ ዘመን የተገጠመ ከንፈራቸውም ተፈታ፦

«ቅጠልም አይደለም፣ ዓሣም አይደለም። እግሬ ነው! ይሄን አናጢ ባረገዝኩ ጊዜ እግሬ ይሄን አክሎ ነበር፤ እኔ ሳለቅስ ያ ጉድ ሰውዬ ቀለበቴን ተቀብሎ በሚስማር ይጭርልኛል፣ ‹ይኸው ታሪክሽን ጻፍኩት› ይለኛል። አዎ፣ ወልቋል! ሠላሳ ዓመት አልወለቀም ያልኩት ከዚያ ወዲህ ነው። እኔ ግን እንዳንቺ ሦስት ቀን አልጠበቅሁም፤ ሞኝ!»

ልብስ ሰፊዋም ቀለበቱን ተቀብላ አየች፤ እውነትም ያበጠች ትንሽ እግር ናት፣ አምስት ጣቶቿ እንደ ሽምብራ የተደረደሩ። በሳፋው ውስጥ ያለውን የራሷን እግር አየች፣ አማቷን አየች፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ድልም የምሕረት ጊዜ ስለሆነ፣ በዚያው ሰዓት ንግሥቲቱ ስለ ጠርሙሱና ስለ አልጋው ተናዘዘች። አማቷ ጆጉን መልሰው ከፊቷ አስቀመጡ፤ አናጢው ጠርቦቹን ወደ ሌላው ወገን አዛወረ፣ ውኃ ልኩንም እንደገና ለካ። ለቀለበቱ ማደሪያ በተፈለገ ጊዜ ግን ልብስ ሰፊዋ መሳቢያውን ስባ፣ ከጥቁር ክሮች ጀርባ ጣሳውን አወጣች፤ ክዳኑም ሲከፈት ኦቾሎኒው በሕዝብ ፊት ታየ።  እመቤቲቱም ጣሳውን ወደ መዳፋቸው ገለበጡት፣ አንድ ፍሬ ሳያስቀሩ እያኘኩ ሄዱ፤ ይህም ፍርድ ሆነ።

ስለዚህ ከዘይትና ከአረፋ በላይ የተራቀቀች፣ መጋዝን በክር ያስቆመች፣ ለጣቷ ነፃነትን ለሟቹም ጽሕፈት ዕድሜን የሰጠች፣ እግሯ ሰፊ ልቧም ከእግሯ የሚሰፋ ንግሥተ መርፌ ወክር በመሳፊያ ክፍሎች ሁሉ ትመስገን፤ የአልጋ ወራሹም ተረከዝ ይጽና።

እርሷም ጨው የተራገፈበትን ጣሳ በጨርቅ ጠርጋ ቀለበቱን አኖረችበት፣ ክዳኑን ገጠመች። ግራጫውንም ክር ከወለሉ ሰብስባ፣ ቋጠሮውን ፈትታ፣ በክር ማጠንጠኛው ላይ መልሳ ጠመጠመችው፤ ከጣሳው ጎን አስቀመጠችው፤ መሳቢያውንም ገፋችው።