ነገሳን በቆዳ ኳስ

[ጥቅምት ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.፣ ዓርብ ማለዳ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ የሠፈሩ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ የእንጦጦን ጉም እንደ ጋቢ ተከናንቧል፤ ከአሥር እርምጃ ወዲያ ምንም አይታይም። እንጨት ቆራጩና የቡድኑ በረኛ ኢዶሳ አዲስ የባሕር ዛፍ ቋሚ ጉድጓድ ውስጥ ይተክላል። የመሥሪያ ቤት ጸሐፊና የቡድኑም ጸሐፊ የሆነው አካሉ ክራባት አስሮ፣ ደብተር በብብቱ ይዞ አጠገቡ ቆሟል።]

አካሉ፦ ጋድሏል አልኩህ።

ኢዶሳ፦ አልጋደለም።

አካሉ፦ ወደ ግራ ጋድሏል። ዓይን የለህም?

ኢዶሳ፦ እስቲ አንገትህን ቀና አድርገህ እየው።

አካሉ፦ [ቀና ብሎ] አሁን ቀጥ አለ። ምን አደረግኸው?

ኢዶሳ፦ እኔ ምንም አልነካሁት። ደብተሩ ከብዶህ ነው መሰለኝ፣ ከመጣህ ጀምሮ ዘመም ብለህ ነው የቆምከው።

አካሉ፦ ደብተር የሚከብደው ለማያነብ ሰው ነው።

ኢዶሳ፦ እሱስ እውነትህን ነው። በል እንግዲህ ና ቋሚውን ያዝልኝ፣ እኔ አፈሩን ልመልስበት።

አካሉ፦ በዚህ ልብስ? የየካው ከድር መጥቶ እንደሄደ በቀጥታ ቢሮ ነው የምገባው።

ኢዶሳ፦ ከድር እስኪመጣ መቆምህ ላይቀር። ባዶ እጅህን ከምትቆም፣ ይዘህ ቁም።

[አካሉ ጥቂት ያስባል፤ ነገሩ ትክክል ሆኖ ያገኘዋል። ደብተሩን ለኢዶሳ ሰጥቶ ቋሚውን በሁለት እጁ ያቅፋል። ኢዶሳ ደብተሩን ወገቡ ላይ ይሽጠዋል።]

አካሉ፦ መሬት እንዳታስነካው። የነገሳ ወረቀት እዚያ ውስጥ ነው።

ኢዶሳ፦ የምን ወረቀት?

አካሉ፦ ስንት ጊዜ ልንገርህ? አጥቂያችንን ነገሳን ለየካ ሚካኤል ልጆች ሰጥተን፣ በምትኩ አዲስ የቆዳ ኳስ ከነመንፊያው የምንቀበልበት ውል። ጽፌ ፈርሜበታለሁ፣ የቡድኑንም ማኅተም መትቼበታለሁ። ከድር ኳሱን ያመጣል፣ ወረቀቱን ይወስዳል፣ ከዚያ በኋላ ነገሳ የእነሱ ነው።

ኢዶሳ፦ እሑድ የምንገጥመው ከማን ጋር ነበር?

አካሉ፦ ከእነሱው ጋር ነዋ። እዚሁ ሜዳ ላይ።

ኢዶሳ፦ እንግዲያ ነገሳ እሑድ እኔ ላይ ሊያገባ ነው።

አካሉ፦ ይኸው፣ አንተ ነገር እስኪገባህ ሰው ይሸብታል። ነገሳ ማለት እስከ ዕረፍት ድረስ የክረምት ጎርፍ ነው፤ ከዕረፍት በኋላ ደግሞ የደረቀ ወንዝ። ስድስት ጨዋታ ሙሉ መዝግቤዋለሁ። አሁን እኔ ደረቁን ወንዝ ለጠላት ማስረከቤ ነው።

ኢዶሳ፦ ጎርፉንስ?

አካሉ፦ እ?

ኢዶሳ፦ እስከ ዕረፍት ያለውን። እሱንም አብረህ ሰጠሃቸው ወይስ ለእኛ አስቀረኸው?

አካሉ፦ አፈሩን መልስ አንተ።

ኢዶሳ፦ [አፈር እየመለሰ] እኔ እንኳ ለኳሱ ብዬ አይደለም። ከልጅነታችን ጀምሮ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነን። የነገሳን ጀርባ እያየሁ ነው ያደግሁት። አሁን እሑድ ዞሮ ፊቱን ሲያሳየኝ ምን እንደምሆን አላውቅም።

አካሉ፦ በረኛ ስሜት አያስፈልገውም። እጅ ነው የሚያስፈልገው።

ኢዶሳ፦ [ሥራውን ሳያቋርጥ ያንጎራጉራል]
ከእንጦጦ ወረደ ጉም ለብሶ ማለዳ፣
ኳሷን እንደ ጥጃ አስከትሎ ሜዳ።

አካሉ፦ ተው ይህን ዘፈን። ልጁን ያጠፋው ይህ ነው። ሁለተኛውንም ዝፈነዋ፣ ባለፈው ወር ሕዝቡ ያወጣለትን።

ኢዶሳ፦ እሱ ደስ አይልም።

አካሉ፦ እኔ እለዋለሁ።
ፀሐይ ትጠልቃለች ማታዋን ጠብቃ፣
የእኛ ልጅ ምን ነካው ግማሽ ላይ ሲል በቃ።
ሕዝብ ሲናገር እንዲህ ነው። ደግሞ ቢደክመው እሺ፤ የእሱ ግን ድካም አይደለም፣ እምቢተኝነት ነው። የቀጨኔ ልጆችን የገጠምን ዕለት ረሳኸው? እስከ ዕረፍት ሦስት አገባ። ከዕረፍት በኋላ በረኛው ወድቆ፣ ጎሉ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ኳሷ እግሩ ሥር ገባች። አምበሉ በዳዳ ምታ እያለ ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮኸ። ነገሳ ኳሷን አቆማት፣ ቀና ብሎ ወደ ፊት አየ፣ ከዚያ የተዋሰውን ዕቃ እንደሚመልስ ሰው ወደ ኋላ ሰጣት። በዳዳ ምን ሆነሃል ቢለው ምን ቢል ጥሩ ነው? በዚህ በኩል አይሆንልኝም።

ኢዶሳ፦ አንተ ታዲያ ምን አደረግህ?

አካሉ፦ እኔማ ወዲያው ገባኝ። ቦታው አልተመቸውም ማለት ነው ብዬ ወደ ግራ ወሰድኩት። በዚህ በኩል አይሆንልኝም አለ። ወደ ቀኝ ወሰድኩት፤ ያው። መሐል አደረግሁት፤ ያው። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ ከአንተ አጠገብ ተከላካይ አደረግሁት።

ኢዶሳ፦ አስታውሳለሁ። ኳስ በደረሰው ቁጥር ለእኔ ይመልስልኝ ነበር። አሥራ ሰባት ጊዜ መለሰልኝ። በአሥራ ስምንተኛው ሊያገባብኝ ምንም አልቀረው።

አካሉ፦ ንቀቱስ? ከዕረፍት ተመልሶ ሜዳ ሲገባ ቆቡን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል። በአምበሉ ላይ ማላገጡ ነው።

ኢዶሳ፦ ወዴት ዞሮ ነው እጅ የሚነሣው?

አካሉ፦ ወደ ታች፣ ወደ የካ በኩል። ምን ለውጥ አለው?

ኢዶሳ፦ አምበሉስ የት ነበር?

አካሉ፦ ከኋላው። ንቀት የምልህ ለዚህ ነው፣ ጀርባውን ሰጥቶት እኮ ነው እጅ የሚነሣው።

ኢዶሳ፦ [አካፋውን አቁሞ ያየዋል] አካሉ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?

አካሉ፦ ቆይ አታቋርጠኝ። ዓምና የአፍሪካ ዋንጫ ከተማችን ሲመጣ፣ ሥራ ፈቃድ ወስጄ ስታዲዮም ቆሜ ያየሁ ሰው ነኝ። አንድ ተጫዋች ግማሹን ተጫውቶ ግማሹን እጅ ሲነሣ አላየሁም። ይህን ሜዳ ራሱ በዚያ ዕውቀት ነው ያስቀመጥኩት። አንዱ ጎል ወደ እንጦጦ፣ ሌላው ወደ የካ ሚካኤል። ፀሐይ ዓይን አትወጋም። እኔ በሕይወት እያለሁ የዚህን ሜዳ ጎል ማንም አያንቀሳቅሰውም።

ኢዶሳ፦ ቋሚውን እንዳትለቀው ብቻ።

አካሉ፦ ይዤዋለሁ። አሁንማ ሁሉም የኳስ ዐዋቂ ሆኗል። እናቴ እንኳ ትናንት ራት ላይ ስለ ነገሳ ልትነግረኝ ጀመረች። ከማኅበር ስመለስ የሰማሁት ብላ። እማዬ፣ ስለ ማኅበርሽ ጠላ ንገሪኝ፣ ኳሱን ለእኔ ተዪው አልኳት።

ኢዶሳ፦ እሳቸውስ ምን አሉ?

አካሉ፦ እንዳሻህ ብላ ሳህኑን አነሣችው። ወጡ ገና አላለቀም ነበር።

ኢዶሳ፦ [ቋሚውን ነቅነቅ ያደርገዋል] ጉድጓዱ ሰፍቶብኛል፣ ይወዛወዛል። ሥሩ ላይ የሚወተፍ ነገር ብናገኝ።

አካሉ፦ ጨርቅ የለህም?

ኢዶሳ፦ የለበስኩት ብቻ ነው። ወረቀትም ቢሆን እኮ ታጥፎ ታጥፎ፣ ድንጋይ ሲጫነው ይይዛል።

አካሉ፦ ከደብተሩ ውስጥ ውሰድ። የማይረባውን ግን።

ኢዶሳ፦ የማይረባውን?

አካሉ፦ የማይረባውን አልኩህ እኮ። ማንበብ ባትችል ማየት አትችልም?

[ኢዶሳ ደብተሩን ቀስ ብሎ ይገልጣል። አንድ ወረቀት ይመርጣል፣ ያጥፈዋል፣ ከቋሚው ሥር ይወትፈዋል። ድንጋይ አስቀምጦ አፈሩን በእግሩ ይጠቀጥቃል። አካሉ ጉንጩን ቋሚው ላይ አስደግፎ ዓይኑን ወደ ጉሙ ልኳል።]

ኢዶሳ፦ አሁን ልቀቀው።

[አካሉ ይለቃል። ነፋስ ከላይ ይመጣል፤ ጉሙ ከሜዳው ላይ ቀስ እያለ ይነሣል። በመጀመሪያ የዚሁ ጎል ሁለተኛ ቋሚ፣ ከዚያ ማዶ ያለው ጎል ብቅ ይላል። በመጨረሻ በስተ ቀኝ፣ በሩቅ፣ የየካ ሚካኤል ጽዶች።]

አካሉ፦ ኢዶሳ።

ኢዶሳ፦ ወይ።

አካሉ፦ ከዚህ ጎል ስቆም የካ ሚካኤል ከፊት ለፊቴ ነበር መታየት ያለበት።

ኢዶሳ፦ በቀኝህ ነው ያለው።

አካሉ፦ እያየሁት ነው። እንዴት በቀኜ ሆነ? ቤተ ክርስቲያን አይዞር።

ኢዶሳ፦ ቤተ ክርስቲያኑ እዚያው ነው። የዞረው ሜዳው ነው። አሮጌዎቹን ቋሚዎች ክረምቱ አበስብሷቸው ስነቅላቸው፣ አዲሶቹን ወደ ጎን አዙሬ ተከልኳቸው። ሦስቱን ሌሊቱን ጨረስኩ። አራተኛውን አንተው ያዝክልኝ።

አካሉ፦ [ቋሚውን ያያል፤ መዳፉን ያያል] ማን ፈቀደልህ?

ኢዶሳ፦ ቅድም ልጠይቅህ ብል አቋረጥከኝ። እንግዲህ ስማኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ነገሳ ከሚካኤል ሥር ሲጫወት የለጋት ኳስ አጥር ዘላ፣ በቅዳሴ መካከል ቄሱ እግር ሥር ዐረፈች። በሳምንቱ ባሕር ዛፍ ሲመለምል ወድቆ ቀኝ እግሩ ተሰበረ።

አካሉ፦ መሰበሩንማ አውቃለሁ።

ኢዶሳ፦ ወጌሻው ተስፋ የለውም ሲል፣ እናቱ እትዬ አባይነሽ ሚካኤል ደጅ ወድቀው ተሳሉ። ይህን እግር መልስልኝ እንጂ፣ በመለስከው እግር ወደ ደጅህ ዞሮ ኳስ አይመታም አሉ። እግሩ ዳነ። የተሳሉት እናቱ፣ ስለቱን የሚያገባው እሱ። እስከ ዕረፍት ወደ እንጦጦ ነው የምናጠቃው፤ ከዕረፍት በኋላ ወደ ሚካኤል።

አካሉ፦ [ቀስ ብሎ] በዚህ በኩል አይሆንልኝም።

ኢዶሳ፦ አዎ፣ በዚህ በኩል።

አካሉ፦ ግራ እግሩስ?

ኢዶሳ፦ ግራ እግሩን አይተኸዋል። ለመቆሚያ ነው።

አካሉ፦ ታዲያ ለምን አይነግረንም?

ኢዶሳ፦ እንዲያ ያለ ጎረምሳ በሕዝብ ፊት እናቴ ከልክላኛለች ይበልህ? እምቢተኛ መባሉን መረጠ።

[አካሉ ቋሚው ሥር ቁጢጥ ይላል። ክራባቱ ጭቃ ይነካል፤ አላስተዋለም።]

አካሉ፦ ቆይ። የየካ ሚካኤል ልጆች ይህን ያውቃሉ?

ኢዶሳ፦ የአምበላቸው እናት ከእትዬ አባይነሽ ጋር አንድ ማኅበር ናቸው። ደግሞ የእነሱ ሜዳ ቤተ ክርስቲያኑ በጎኑ ነው። እዚያ ነገሳ በሁለቱም በኩል ይመታል። አለዚያማ የቆዳ ኳስ ከነመንፊያው ማን ይሰጣል?

አካሉ፦ አንተስ ከማን ሰማህ?

ኢዶሳ፦ ከእናትህ። እትዬ ሮማነወርቅም እዚያው ማኅበር ናቸው። ልጄ አልሰማኝ አለ ብለው ትናንት ሳህን በእጃቸው እንደያዙ ቤቴ ድረስ መጡ። ወጡን እኔ ጨረስኩት።

አካሉ፦ [ድንገት ብድግ ብሎ] አንተ፣ ሜዳውን አዙረኸዋል እኮ። እሑድ ነገሳ ከእነሱ ጋር ቢሰለፍ ከዕረፍት በፊትም ጎርፍ፣ ከዕረፍት በኋላም ጎርፍ ነው። ደብተሩን ስጠኝ። ወረቀቱ፣ ወረቀቱ የት አለ?

ኢዶሳ፦ ከቋሚው ሥር ነው።

አካሉ፦ የቱ ወረቀት?

ኢዶሳ፦ የማይረባው።

አካሉ፦ [ደብተሩን ያገላብጣል፤ ይዘጋዋል] ማንበብ ሳትችል በምን ለየኸው?

ኢዶሳ፦ ማኅተም ያለበት እሱ ብቻ ነበር።

[ከዳገቱ ሥር ከድር አዲሱን የቆዳ ኳስ አቅፎ ብቅ ይላል፤ በሩቁ እጁን ያወዛውዛል። ኳሱ በማለዳ ፀሐይ እንደ ብርቱካን ያበራል። አካሉ ለረጅም ጊዜ ያየዋል።]

ኢዶሳ፦ ከድር መጣ። ቋሚውን ልንቀልልህ?

አካሉ፦ [ወረቀቱ ያለበትን አፈር በተወለወለ ጫማው ይረግጠዋል፤ ደግሞ ይረግጠዋል] ኢዶሳ።

ኢዶሳ፦ ወይ።

አካሉ፦ ጠጠር ጨምርበት። ትልልቁን።