ተጎትታ የተሾመችው ሊቀመንበር

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ያለው ሰው የእኛን የባሕር ማዶ ሐበሾች ማኅበር ወንበር አያውቀውም። እዚያ ወንበሩ ነው ተቀማጩን የሚበላው። እየቀለድኩ እንዳይመስላችሁ። ያለፈው ሊቀመንበራችን ግርማ፣ ትራክ የሚነዳ፣ አንደበቱ የታረመ ሰው፣ በየስብሰባው ስናብጠለጥለው ከርመን አንድ ቅዳሜ የአዳራሹን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከሚኖርበት ከተማ ከዴንተን ብቅ ብሎ አያውቅም።

ምትኩን ልንመርጥ ኧርቪንግ ከተማ በተከራየነው አዳራሽ ተሰበሰብን። እኔ ጸሐፊው እጅ ቆጠርኩ። ፕሌኖ የምትሠራ ነርስ፣ ሙሉ፣ ተመረጠች። «ኧረ እኔ አልችልም! ሺፍቴም አይመቸኝ» ብላ የተቀመጠችበትን ወንበር ሙጭጭ አለች። መቼም እኛ ምሳ ሲቀርብልን እንኳ ሦስቴ «በቃኝ» ሳንል አንጎርስም፤ ይሉኝታ መስሎን አጨበጨብን።

ጋሽ በቀለ ተነሡ። በደህናው ጊዜ አዲስ አበባ ፓርላማ ውስጥ ቃለ ጉባኤ ይይዙ የነበሩ ናቸው፤ የፓርላማ ወግ ሳያወጉን ስብሰባ አይበተንም።

«እንግሊዞች አፈ ጉባኤ ሲመርጡ፣ ጓደኞቹ እጁን ይዘው እየጎተቱ ነው ወደ ወንበሩ የሚወስዱት» አሉ። «ድሮ የምክር ቤቱን ቃል ለንጉሡ የሚያደርሰው እሱ ነበር። ቃሉ ንጉሡን ካስከፋ አንገቱ ይሄዳል። ታዲያ ማን ወዶ ይቀመጣል? አንገት መቁረጡ ቀረ፤ ጉተታው ወግ ሆኖ ቀጠለ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሁለት ጎረምሶች ወዲያው ሙሉን ግራና ቀኝ ይዘው ወደ መድረኩ ወሰዷት። እዚያ ስትደርስ ግን እጇን አስለቀቀች።

«ጋሼ፣ እዚያ የሚጎትቱት ጓደኞቹ፣ የሚቆርጠው ንጉሡ ነው አሉን። ማለቴ፣ እዚህ ጎታቹም ቆራጩም እኛው ነን። ግርማን ማን ቆረጠው?»

 ይዘዋት የነበሩት ጎረምሶች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«መጀመሪያ ኮል አድርጉና ይቅርታ ጠይቁት። ከዚያ እቀመጣለሁ።»

ደወልኩ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ጋሽ በቀለ በዚያ ዕድሜያቸው ጎንበስ ብለው «ግርማ ልጄ፣ በድለንሃል፤ ይቅር በለን» አሉት።  ካብጠለጠሉት አንዱ እኔ ነበርኩና «እኔንም» ብዬ ጨመርኩ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ ግርማ። «ግን እኔን መልሳችሁ እንዳትመርጡኝ!»

ሙሉ ስቃ ተቀመጠች። ገና ተደላድላ ሳትቀመጥ፣ ቀኝ ክንዷን ይዞ የጎተታት ጎረምሳ እጁን አወጣ።

«የተከበሩ ሊቀመንበር፣ ስብሰባው ለምንድነው ይህን ያህል የዘገየው?»

«አንተ ስትጎትተኝ ነዋ!»

እንዳለ ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈርኩት።